ከፊቴ የጠፋው

ጥር 16 ቀን 1980፣ ሰኞ

ጠመኔ አልቋል። ሦስተኛ ክፍልን በቃል አስተማርኩ። ከሰዓት በኋላ ክሊኒክ ሄድኩ። ድሬሰሩ አቶ ዘውዱ አገጬን ይዘው ወደ መስኮቱ አዞሩኝ።

"ማድያት ነው። ነፍሰ ጡር ነሽ?"

አይደለሁም አልኩ።

"ነበርሽ?"

አገጬን ከእጃቸው አላቀቅሁ። ገባቸው መሰለኝ፣ ድምፃቸውን ቀነሱ። አንዳንዱ በራሱ ይለቃል፣ ጊዜ ይፈጃል እንጂ... እስከዚያው ጉበትሽን አሳርፊው አሉኝ። በርበሬ ተይ፣ ቡና ተይ፣ ቅቤ ተይ። ጎመን ብዪ፣ ተልባ ጠጪ።

ኅዳር ላይ ጽንሱ መውረዱን የሚያውቁት አከራዬ እትዬ ትርንጎ ብቻ ናቸው። ባሌ ደሳለኝ እንኳን መውረዱን፣ መጸነሱንም አያውቅም። ሐምሌ ላይ ለዐሥር ቀን ፈቃድ መጥቶ ወደ ሰሜን ተመለሰ። እኔ ያወቅሁት ከሄደ በኋላ ነው። እስኪረጋ ልቆይና እጽፍለታለሁ አልኩ። ከዚያ የሚጻፍ ነገር ጠፋ።

አላለቀስኩም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ጉንጮቼ ላይ ብቻ ግራና ቀኝ ቡናማ ጥላ ቀረ።

ጥር 19፣ ሐሙስ

ከደሳለኝ ደብዳቤ መጣ። ለፋሲካ ፈቃድ ተሰጥቶታል። "ፎቶሽን ጓዶቼ አይተው፣ ፊቷ እንዴት ይጠራል አሉኝ" ይላል።

ማድያቱን ካየ ይጠይቃል። ከጠየቀ መዋሸት አልችልበትም። ከነገርኩት ደግሞ ሐዘኑን ተሸክሞ ወደ ግንባር ሊመለስ ነው። እዚያ ሐሳቡ የተበተነ ሰው ምን እንደሚሆን...

እስከ ፋሲካ መጥፋት አለበት። በቃ።

ጥር 22፣ እሑድ

እትዬ ትርንጎ ገበታዬን አይተው ሳቁብኝ።

"ይኸ ደግሞ ምንድን ነው? የአራስ ነው የበሽተኛ?"

"ለፊቴ ነው እትዬ።"

"ፊት በጎመን ሲታጠብ ገና ዛሬ አየሁ! ምነዋ ወንዛዬ ወርደሽ ፍል ውሃው ብትነከሪ?"

ከሥራ ፈቃድ የለኝም አልኳቸው። እውነቱ ግን ሰው ፊት ልብሴን ማውለቅ ስላልፈለግሁ ነው።

የካቲት 7፣ ሰኞ

ጾም ገባ። ቅቤን ሁሉም ሰው ተወ። አሁን ከሰው የሚለየኝ በርበሬውና ቡናው ነው። ራሴን ያመኛል፤ የቡናው ሳይሆን አይቀርም።

የካቲት 24፣ ሐሙስ

ጎመን። ተልባ። ድንች። ጎመን። ጣዕም የለውም። ግን በርበሬም ብበላ ጣዕሙ የሚሰማኝ አይመስለኝም።

መጋቢት 12፣ ሰኞ

የግራው ሳስቷል። መስታወቱን በር ላይ ወስጄ አየሁት፣ እውነት ሳስቷል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደብተር ላርም ገባሁ።

መጋቢት 23፣ ዓርብ

ርእሰ መምህሩ አቶ አያሌው ቢሮ አስጠርተው፣ "ከፋሲካ በኋላ ጥቂት ቀን ዕረፍት ውሰጂ" አሉኝ። ሳልጠይቃቸው! ባሌ ይመጣል ብለው አስበውልኝ ነው። እግዜር ይስጣቸው።

ስወጣ የቀበሌውን ጸሐፊ አገኘሁት። ፊቴን አየና ዓይኑን ሰበረ። ፖስታ ቤት ያለችውም እንደዚሁ። ይህን ያህል ጠርቷል ማለት ነው?

መጋቢት 28፣ ረቡዕ

እትዬ ትርንጎ ጠዋት ማታ ምግብ ያመጡልኛል። ዛሬ የገብስ አጥሚት። እስክጨርስ ከአጠገቤ አልተነሡም።

"ብዪ ልጄ። ጉልበት ያዢ።"

በጎመኔ መሳቅ ትተዋል። ደሳለኝ መቼ ይገባል ብለው በቀን ሦስት ጊዜ የሚጠይቁኝ ሴት፣ አሁን ስሙንም አያነሡም።

ሚያዝያ 2፣ ፋሲካ

አልመጣም። ትናንት አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ወጥቼ ጠበቅሁ።

እትዬ ትርንጎ ለእኔ ብቻ አልጫ ሠርተውልኛል። ጎረቤቱ ሁሉ ተራ በተራ አጎረሰኝ። "ፈቃዱ ዘግይቶበት ይሆናል" ስል፣ አንዷ ተነሥታ ወጣች።

ፊቴ ጥርት ብሏል። የሚያየው ጠፋ እንጂ።

ሚያዝያ 5፣ ረቡዕ

አመሻሹ ላይ እትዬ ትርንጎ ምላጭ ይዘው መጡ።

"እጅሽን አምጪ። ጥፍርሽ አድጓል።"

እንደ ሕፃን ዐሥሩንም ቆረጡልኝ፣ ሥጋው ድረስ።

"ኧረ ይበቃል እትዬ፣ አመመኝ።"

"ይበቅላል" አሉ። ቁርጥራጩን ሰብስበው ወጡ።

ሚያዝያ 11፣ ማክሰኞ

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ነገሩኝ። በር ላይ ሽማግሌዎቹን ሳይ አወቅሁ።

ደሳለኝ የሞተው መጋቢት መጀመሪያ ላይ ነው። ወረቀቱ ቀበሌ ከደረሰ ሁለት ሳምንት አልፎታል። በዓሉ ይለፍላት፣ ትብላ፣ ትጠንክር ብለው መርዶውን ያዙት። አቶ አያሌው ያውቁ ነበር። ጸሐፊውም። የፖስታ ቤቷም። እኔ ግን ፊቴ ጠርቶ መስሎኝ... ሞኝ! አውቶቡስ ስጠብቅ ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር። ተናድጄባቸዋለሁ፣ ግን ንዴቱም ሩቅ ነው።

ጥፍሬን የቆረጡት ፊቴን እንዳልነጭ ነው። ሌሎቹ ነጩ። እኔ እጄን አነሣሁና መልሼ አወረድኩት። ጥፍር ቢኖረኝም የምነጭ አይመስለኝም። ምንም አልተሰማኝም። "ላይችል አይሰጥም" ይሉኛል፤ እሺ እላለሁ።

ሚያዝያ 14፣ ዓርብ

የደሳለኝ እናት፣ እማማ ወለተማርያም፣ ከእብናት መጡ። ሁለቱም ጉንጫቸው ተነጭቶ ቁስሉ ደርቋል። ብዙ አለቀሱ። ከዚያ ቀና ብለው ፊቴን አዩት።

"ልጄ ሞቶ የአንቺ ፊት እንዲህ ይጠራል?"

እትዬ ትርንጎ "ጥፍሯን እኔ ነኝ..." ሊሉ ሲጀምሩ ቀደምኳቸው። ያ ሁሉ ሴት እየሰማ ሁሉንም ተናገርኩ። ሐምሌን፣ ኅዳርን፣ ማድያቱን፣ ለምን እንዳጠፋሁት።

እማማ ተነሡ። የሚመቱኝ መስሎኝ ነበር። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ በሩ ብርሃን አዞሩኝ።

"የት ላይ ነበር?"

"እዚህ። እዚህም።"

በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፣ ግራውን፣ ቀኙን፣ ደጋግመው።

"የልጄ ልጅ ምልክት እዚህ ነበር... ምነው እስካየው እንኳ ብታቆዪልኝ።"

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ከኅዳር ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። እማማ እቅፍ አድርገውኝ አብረን አለቀስን።

ግንቦት 8፣ ሰኞ

ትምህርት ቤት ተመለስኩ። ጠመኔ መጥቷል።

ቡና ጀምሬያለሁ። ቅቤም። ዛሬ ቁርስ እንጀራ በድልህ በላሁ፣ ዓይኔ እስኪያነባ። እትዬ ትርንጎ አዩኝ፣ አልሳቁም።

ከመውጣቴ በፊት መስታወቱን ይዤ በር ላይ ቆምኩ። ግራውን አየሁ። ቀኙን አየሁ። ትንሽ እንኳ ተመልሶ እንደሆነ...

የለም። ጥርት ብሏል።