ሀዘኔን ምን ብዬ ልጥራው፣ እማ?

የኔ እናት፣ እማዬ፣

ከተለያየን አንድ ክረምት ወጥቶ ሌላው ገብቷል። ደህና ነሽ ወይ ብዬ እንዳልጠይቅሽ መልሱ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። እኔ ደህና ነኝ ልልሽም አልችልም፤ ደህና አይደለሁም እንዳልልሽ ደግሞ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ወልድያ ወጥቼ አስተምራለሁ። እንዲሁ ግራ እንደገባኝ አለሁ።

በመጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ከጓሮ ያለው ማንጎ ዘንድሮ አበባው ሁሉ ረግፎ ፍሬ ሳይዝ ቀረ። አውቶቡሶቹ የሚቆሙት ከበፊቱ ራቅ ብለው ስለሆነ አንቺ ፍራፍሬ ትሸጪበት የነበረው ጥላ ሥር አሁን ባጃጆች ይሰለፋሉ። አጎቴ ይማም ጉልበታቸውን እያመማቸው መስጊድ የሚሄዱት በምርኩዝ ነው። አባባ ከሞተ ወዲህ የቤታችን ትልቅ እሳቸው እንደሆኑ ታውቂያለሽ፤ አሁንም ጁምዓ ጁምዓ ደጃፋችንን ሳያዩ አይውሉም። አንቺ ትተኚበት የነበረውን ክፍል አላከራየሁትም። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ጣሪያው ያፈሳል እላለሁ። አያፈስም።

ስለ ቀብርሽ ቀን የነገረሽ የለምና እኔ ልንገርሽ።

ጀናዛሽ የወጣው ከዙህር ሶላት በኋላ ነው። የመርሳ ሰው ሁሉ ነበር። ሴቶቹ ግቢያችን ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ዱዓ ያደርጉ ነበር፤ የሚገባው ሁሉ “አላህ ሰብሩን ይስጥሽ” እያለኝ ይቀመጣል። እኔም አሚን እላለሁ። ዓይኔ ደረቅ ነበር፤ እንደሚገባኝ የታገሥኩ መስሎኝ ነበር። ወንዶቹ ቀብረው ሲመለሱ ከበራችን አንድ አይሱዙ ቆመ። ከደጋ የመጡት ያንቺ ወገኖች ነበሩ። ከጉባ ላፍቶ እስኪወርዱ ተቀብረሽ አልቋል። አክስቴ ብርቄ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ደረቷን እየደቃች “ታንጉት! ታንጉት እህቴ!” እያለች ገባች።

እማ፣ ጎረቤቶቻችን እርስ በርስ ተያዩ። አባባን ስታገቢ ዘይነባ ተብለሽ እንደመጣሽ ያውቃሉ፤ የድሮ ስምሽን ግን ብዙዎቹ ሰምተውት አያውቁም። እኔ ራሴ ለአፍታ ያህል የሌላ ሴት ለቅሶ ቤት የተቀመጥኩ መሰለኝ። አጎቴ ይማም ተነሥተው፣ “ብርቄ፣ እባክሽ ጩኸቱን ተይ፤ ለእሷም አይበጃት” አሉ። አክስቴ ደግሞ፣ “እህቴ እንደ ባዳ ያለ እንባ ትሂድብኝ?” አለች። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ብታለቅሺ ከእሷ ጋር፣ ዝም ብትዪ ከእሳቸው ጋር ነሽ የሚሉኝ መሰለኝ። ወደ ውስጤ ብመለከት እንባም ትዕግሥትም የለም። ምንም የለም። ተነሥቼ ለእንግዶቹ የእጅ መታጠቢያ ውኃ ማቅረብ ጀመርኩ።

ያኔ ነው አንቺ ትዝ ያልሽኝ። አያቴ የሞቱ ጊዜ፣ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ ይዘሽኝ ደጋ ወጣሽ። ከእህቶችሽ ጋር እየዘለልሽ፣ ፊትሽን እየቧጠጥሽ ድምፅሽ እስኪጠፋ አለቀስሽ። ስንመለስ ከመርሳ በፊት ካለው ወንዝ ወርደሽ ፊትሽን ታጠብሽ፣ ሻሽሽን አስተካክለሽ አሰርሽ። ቤት ገብተሽም ሊያጽናኑሽ ከመጡት ሴቶች ጋር “የአላህ ውሳኔ ነው፣ አልሐምዱሊላህ” እያልሽ በእርጋታ ተቀመጥሽ። ሴቶቹ ሲሄዱ፣ “እማ፣ የቱ ነው የእውነቱ?” ብዬ ጠየቅኩሽ። “ሁለቱም የእውነት ነው፤ አሁን ራት ልሥራበት፣ ተይኝ” አልሽኝ። እኔ ግን አልተውኩትም። ኮሌጅ ገብቼ ሳይኮሎጂ የተማርኩት፣ ዛሬም የማስተምረው፣ ያንን መልስሽን ሳላምንበት ቀርቼ ይመስለኛል።

ለተማሪዎቼ እንዲህ እላቸው ነበር፦ ሀዘን የሰው ሁሉ ነው፤ ባህል የሚያደርገው ልብስ ማልበስ ብቻ ነው። ከቀብርሽ በኋላ ሥራ የገባሁ ሰሞን ይህንኑ እያስተማርኩ ሳለ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ “መምህር፣ ልብሱ ቢወልቅስ ከሥሩ የሚገኝ ነገር ለመኖሩ በምን እናውቃለን?” አለችኝ። ልመልስላት አፌን ስከፍት ከግራ ጡቴ ሥር እሳት የነካኝ ያህል አቃጠለኝ። ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማቃጠሉ አልለቀቀኝም። ልብሽ ነው፣ ጨጓራሽ ነው ተባልኩ፤ ተመረመርኩ፤ ምንም አልተገኘም። በመጨረሻ እዚያው ወልድያ አንድ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። “እንቅልፍሽ እንዴት ነው?” አለኝ። እስኪጠይቀኝ ድረስ የምተኛ ይመስለኝ ነበር፤ እሱ ከጠየቀኝ በኋላ ግን ያለ እንቅልፍ ማንጋት ጀመርኩ። ድባቴ ነው አለና መድኃኒት ጻፈልኝ። የማውቀው ስም ነው፤ ራሴ የማስተምረው ነው። ሲለው ግን የሌላ ሰው በሽታ የነገረኝ መሰለኝ።

አጎቴ ይህን ሲሰሙ መጡ። “ራቢያ፣ ትከሻሽን አይከብድሽም?” አሉኝ። ወላሂ እማ፣ ያን ጊዜ ከበደኝ! የሆነ ሰው ትከሻዬ ላይ የተቀመጠ ያህል። የባዶ ቤት ጂን ነው የተጠጋሽ አሉና ቁርአን ቀሩብኝ፤ ያነበቡበትን ውኃም ጠጣሁ። እየቀሩ ሳለ እንደ ሕፃን ተኝቼ ከሰዓቱ ሙሉ አለፈኝ። ለአክስቴ ስደውል ደግሞ ጂኑንም ድባቴውንም አልሰማ አለች። “ሳይወጣ የቀረ ለቅሶ ነው፤ ጉሮሮሽን ይዞሽ የለም?” አለችኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ።

አየሽ ግራ መጋባቴን? ሕመሙ የሚጠሩትን እየሰማ “አቤት” የሚል ሆነ። ሐኪሙ ሲጠራው እንቅልፍ ይነሳኛል፣ አጎቴ ሲጠሩት ትከሻዬ ላይ ይወጣል፣ አክስቴ ስትጠራው ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። ታዲያ የኔ የራሴ የቱ ነው? ሦስቱም ሳይነግሩኝ በፊት የነበረው ምን ነበር? ያ ማቃጠል ብቻ? እሱስ ቢሆን “ልቤ ተቃጠለ” የሚል ቋንቋ ባልናገር ኖሮ ያቃጥለኝ ነበር? ይህን እያሰብኩ ከወልድያ በሚመልሰኝ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ከመርሳ አልፌ ውርጌሳ ድረስ ሄድኩ፤ ረዳቱ ነው “እህት፣ የት ነሽ?” ብሎ ያነቃኝ።

ከዚያ ለመታሰቢያሽ የሚበላው ሰደቃ ደረሰ። አክስቴ ብርቄ ትመጣለች ብዬ አላሰብኩም፤ መጣች። ጾም ላይ ስለነበረች ሽሮዋን ለብቻ ሠራሁላት። ቁርአን ተቀርቶ፣ ተበልቶ፣ ዱዓ ተደርጎ ሰው ሁሉ ሲሄድ አሥር ሰዓት ገደማ በረንዳው ላይ ሦስታችን ቀረን። አጎቴም፣ “ብርቄ፣ ጩኸቱን ነው እንጂ ስለ እሷ እንዳታወሪ ማንም አልከለከለሽም። እስቲ የልጅነቷን ንገሪን። እኔ ከመጣች ወዲህ ያለውን እንጂ አላውቅም” አሏት።

አክስቴ አየቻቸው። መጀመሪያ ስለ ልጅነትሽ ተረከች፤ በጥጃ ጀርባ ለመቀመጥ ስትሞክሪ ስለመውደቅሽ፣ ስለ ግትርነትሽ። እየተረከች ሳለ ድምፅዋ ሳይታወቃት ወደ ሙሾ ዞረ፤ በሹክሹክታ፣ ያለ ደረት ድለቃ፦

ታንጉት እህትዬ፣ ቆላ የወረድሽው፣
የደጋውን ቤትሽን ለማን አደራ አልሽው።

ያስቆሟታል ብዬ ወደ አጎቴ ዞርኩ። እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል። አልጠረጉትም። “ዘይነባ ደግ ሰው ነበረች” አሉ።

እኔስ? ይኸው አሁን ታለቅሳለች ብለሽ ጠብቀሽ ይሆናል። እኔም ጠብቄ ነበር። አላለቀስኩም። ራበኝ። እማ፣ እንዲህ አድርጎ ርቦኝ አያውቅም። ተነሥቼ ወጥ ቤት ገባሁና የአክስቴን የተረፈ ሽሮ በቁሜ ጨረስኩት፤ ከዚያ የሰደቃውን ሥጋ ይዤ ወጥቼ ፊታቸው ተቀምጬ በላሁ። ሁለቱም ለቅሷቸውን ትተው አፌን ያያሉ። “ተመስገን፣ ወጣልሽ!” አለች አክስቴ። “አልሐምዱሊላህ፣ ለቀቃት” አሉ አጎቴ። በሳምንቱ ሐኪሙ ጋ ስቀርብ፣ “ጥሩ ነው፣ መድኃኒቱ መሥራት ጀምሯል” አለኝ። ሦስቱንም አመሰገንኩ። ከልቤ ነው ያመሰገንኩት።

ማቃጠሉ ቀንሷል፤ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ምን እንደሆነ፣ ማን እንዳሻለኝ ዛሬም አላውቅም። ያቺ ተማሪዬ መልሷን ትጠብቃለች፤ ስታየኝ ፈገግ ትላለች እንጂ ደግማ አልጠየቀችኝም። ለካ አንቺ ራት እየሠራሽ ሁለቱንም ትይዢ የነበረው ቀላል ነገር አልነበረም፤ ወይም ቀላል ነበር፤ ይህንንም አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ቃል እገባልሻለሁ። ገብቶኝ እስኪያልቅ ድረስ አልጠብቅም፤ ሳይገባኝም አስታውስሻለሁ።

ልጅሽ ራቢያ
ከመርሳ