የቁርቁራው ቅጠል

ጥር 9፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ደብተሬ፣ ጎረቤታችን ዘይነባ ዛሬም ከአጥራችን ውጭ ቆማ ከግቢያችን ዛፍ የቁርቁራ ቅጠል ትሸመጥጣለች። ድሮ ግቢ ትገባ ነበር። እናቷ እማ ሐዋ አልጋ ከያዙ ሁለት ወር ሆናቸው፤ ራሳቸውን የምታጥባቸው በዚህ ነው። ቅጠሉ ተወቅጦ በውሃ ሲታሽ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። ሰላም አላልኋትም። እሷም አላለችኝም።

ጥር 14

ባዮሎጂ፣ 7ኛ ክፍል። ቅርንጫፍ ይዤ ገባሁ። ከቅጠሉ ግርጌ የሚነሱ ሦስት ደም ሥር መሳይ መስመሮች። እሾሁ ጥንድ ጥንድ፤ አንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ ቆልማማ። ሳሉ አልኋቸው ተማሪዎቼን። ፍሬውን በልተው ጨረሱት፤ የሳሉት አራት ናቸው።

ዘይነባን በት/ቤቱ በር አየኋት። ፊቴን አዞርሁ። በአባቴ ተዝካር ቀን እሷና እናቷ እህል ሳይቀምሱ ሄዱ። ያን አልረሳም። ለእነሱ የተለየውን በግ በእስላም እጅ ማሳረድ ነበረብን፤ ወንድሜ አያሌው ቸኩሎ ራሱ አረደው። አይቻለሁ። ዝም አልሁ። ከዚያ ተቀያሚዋ እኔ! ነውር የት ሄደ?

ጥር 16፣ ከቅዳሴ መልስ

ቂም ተይዞ ጸሎት፣ ሳል ተይዞ ስርቆት። ዛሬ እንደዚያ ነው የዋልሁት።

አያሌው ለበረቱ እሾህ ፈለገ፤ ጅብ አስቸግሮታል። ዛፉ ከአባታችን ለሁለታችን የቀረ ስለሆነ ያለእኔ ቃል አይነካውም። ልመልምለው ወይስ ከሥሩ? አለ። ከሥሩ አልሁ። ዘይነባ እናቷን በምን እንደምታጥብ እያወቅሁ። አውቄ።

ጥር 18

ወደቀ። ቅጠሉን ፍየሎች ጨረሱት፣ እሾሁ በረት ዙሪያ ተከመረ። ግቢው ወና ሆነ፤ ፀሐይ እስከ በሩ ድረስ ገባች። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም።

ጥር 25፣ ረፋድ

እማ ሐዋ ንጋት ላይ አረፉ። ዘይነባ ራሷ መጣች፣ በበሩ በኩል። በእነሱ ሃይማኖት ሬሳ የሚታጠበው በዚህ ቅጠል ውሃ ነው፤ እማ ሐዋም ከእኛው ዛፍ ይሁንልኝ ብለው ኖሯል፣ አባቴ በሕይወቱ ሳለ ስለፈቀደላቸው። ጉቶውን እያየች፣ የተረፈ ቅጠል ካለ ብላ ለመነችኝ። ሌላ ቁርቁራ ያለው ወንዙ ዳር፣ ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን።

በረቱ ሄድሁ። ከእሾሁ መሐል ፍየል ያልደረሰበትን ደረቅ ቅጠል ለቀምሁ። እጄ ደማ። አንድ እፍኝ። ቤታቸው ስደርስ በሳሙና አጥበው ከፍነዋቸዋል።

ዘይነባ ቅጠሉን ተቀበለችኝ። እጄን አይታ አለቀሰች። ከዚያ ያለችው፦ «አንቺ ምን አረግሽ እህቴ፣ የበደለን አያሌው ነው።»

ዝም አልሁ፣ ደብተሬ። አሁንም!

ጥር 27፣ ተሲያት

ዘይነባ ጥፋቱን በእሱ ላይ እንዳደረገችው ለአያሌው ነገርሁት። ከወገዳ ገበያ መመለሱ ነበር፣ አህያውን እያራገፈ ሰማኝ። እኔ ልሸከመው አለ፤ ወንድ ነኝ፣ እሷ እኔን ብትጠላ ምንም አይጎድልብኝም፣ አንቺ ግን ጎረቤቷ ነሽ። ቀናነቱ አሳፈረኝ። ልቀበለው ምንም አልቀረኝም ነበር።

አልቀበለውም። ሐዘንተኛው ሳይበተን፣ ዛሬውኑ እሄዳለሁ። ዘይነባ አጠገብ መሬት እቀመጣለሁ። የበጉንም፣ እያየሁ ዝም ማለቴን እነግራታለሁ። ከሥሩ ቁረጠው ያልሁት እኔ ነኝ እላታለሁ። ካባረረችኝም ታባርረኝ።

ነጠላዬን ለብሻለሁ።