ለምስጢር ሲባል ስም አይጠራም

ለተከበሩ የፖሊስ ጣቢያችን ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወገብዎም፣ ጉልበትዎም፣ በተለይም ጆሮዎ ደህና እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ፤ ጆሮን ለይቼ የጠቀስኩበትን ምክንያት ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል። እኔ ከጣቢያው ፊት ለፊት ባለው ጸጉር ቤት ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ጸጉር ስተኩስና ስጎነጉን የኖርኩ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ወሬን ግን ያልጨረስኩ ሴት ነኝ።

ባለፈው ሳምንት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በፊርማዎ የወጣውን ጽሑፍ ሳነብ የተሰማኝን ደስታ በምን ቃል ልግለጽልዎ! በሦስት ወር ውስጥ ለምርመራ የደረሰ አንድም የአስገድዶ መድፈር አቤቱታ እንደሌለ አብስረውናል። ከሥሩ ደግሞ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች ለምን እንደማይመጡ የምናውቅ አስተያየታችንን በጽሑፍ እንድንሰጥ በትሕትና ጠይቀዋል። በሕይወቴ ተናገሪ ብሎ የለመነኝ ባለሥልጣን እርስዎ የመጀመሪያው ነዎትና፣ ሳላሳጥር እነሆ።

ሴቶቹማ መጥተዋል፤ አንዷን በእጄ ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ። የእህቴ ልጅ ናት። ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጥባ የምታጣጥፍ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ስትሆን፣ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ተቆጣጣሪ በጠራራ ፀሐይ፣ የማድረቂያ ማሽኖቹ በሚጮሁበት ሰዓት አስገድዶ ደፍሯታል። ይህን በአንድ መስመር የጻፍኩት ቀላል ስለሆነ ሳይሆን፣ ከዚያ በላይ ማወቅ ለእርስዎ ሥራ እንጂ ለመንገደኛ ስለማይገባ ነው።

አንደኛ። በመጠበቂያ አዳራሹ ግድግዳ ላይ በትልልቅ ፊደል «ለባለጉዳዮች ምስጢር ጥበቃ ሲባል ስም አይጠራም» የሚል ተለጥፏል። እንዴት ያለ ሥልጣኔ ነው ብዬ የልጅቷን እጅ ጨበጥ አደረግኩ። ለካስ ስማችን የማይጠራው ጉዳያችን ስለሚጠራ ነው! በመስኮቱ ያሉት ጸሐፊ፣ ድምፃቸው ይባረክና፣ «የስልክ ስርቆት!» ሲሉ አንዱ ይነሳል፤ «የጎረቤት ጠብ!» ሲሉ ሁለት ሴትዮዎች እየተገላመጡ ይነሳሉ። ቀጥለው አንገታቸውን በመስኮቱ አስግገው «አስገድዶ መድፈር! የማን ነው? አስገድዶ መድፈር የለም እንዴ?» አሉ። ክቡር ሆይ፣ ያ ሁሉ ሰው መስኮቱን አላየም፤ እርስ በርሱ ነው የተያየው። ስልኩ የተሰረቀበት ጎረምሳ እንኳ ወረቀቱን ተቀብሎ ሊወጣ ብድግ ካለበት ተመልሶ ዘጭ አለ። ሽንት ቤት መሄድ ያማረው ሁሉ ታግሶ ተቀመጠ። የእኔዋ ልጅ እግሯን ከወንበሩ ሥር ሰብስባ ወለሉን እያየች ነበር፤ እጄን የጨበጠችበት ጣቷ አሁንም ይሰማኛል።

ያኔ እኔ ተነሳሁ። ጸሐፊው ከላይ እስከ ታች አይተውኝ «እናት፣ እርስዎን ነው እንዴ?» ሲሉ የኋላው ወንበር በሳቅ ተንከተከተ። ስላዝናናኋችሁ ደስ ብሎኛል። ጉዳዩ የእህቴ ልጅ መሆኑን ተጠግቼ በሹክሹክታ ብነግራቸው፣ ባለጉዳይዋ ራሷ ስትጠራ መነሳት አለባት፣ ደንብ ነው ብለው ሲያበቁ «ተጠርታ አልቀረበችም» ብለው ጻፉ። ከእሳቸው እስከ እሷ ስድስት እርምጃ አይሞላም። እንዲህ እየሆነ በሦስት ቀን ሦስት ጊዜ ተጠርታ ሦስት ጊዜ ስላልቀረበች ፋይሏ ተዘጋ። በሰሌዳው ላይ ያበሰሩን ባዶ ቁጥር እንዴት እንደሚመረት በዓይኔ ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ። በመጀመሪያው ቀን፣ ወደ መስኮቱ ከመመራታችን በፊት፣ በር ላይ ያሉት መርማሪ ጥቂት ጥያቄ ጠይቀዋት ነበርና መልሱ ቢጠፋባቸው ብዬ እነሆ ደግሜ ልኬአለሁ። ምን ለብሳ ነበር ላሉት፦ ያ ሰው ራሱ አስፈርሞ ያደላትን፣ እስከ አንገት የሚቆለፍ ሰማያዊ የሥራ ልብስ። ለምን አልጮኸችም ላሉት፦ ጮኻለች፤ ማሽኑ ግን ከእሷ ይበልጥ ጮኸ። ለምን ዘጠኝ ቀን ዘገየች ላሉት፦ ስምንቱን ቀን እንደ እሳቸው ያለ ሰው ምን ብሎ እንደሚጠይቃት ስታስብ ነበር፤ ደግሞም ልክ ገምታለች።

ሦስተኛውን ልጅቷ «አክስቴ፣ ይሄንን አትጻፊው» ስላለችኝ አልጻፍኩትም።

አራተኛ። ይህኛው ነው ምግብ ያስጠላኝ። በአዳራሹ ከሳቁት አንዱ የሆቴሉ ሾፌር ኖሮ፣ ጣቢያው ለተቆጣጣሪው መጥሪያ ሳይልክለት ወሬው በነጻ ደረሰው። ፋይሏ በተዘጋ ማግስት ጠዋት አንሶላ ሲያስረክባት ፈገግ እያለ «አቤቱታሽ ተዘጋ አሉ፣ አይዞሽ» አላት። አይዞሽ! እኔ ይህን ቃል ለታመመ፣ ላዘነ፣ ጸጉሯ ለተቃጠለባት ደንበኛ ስለው ኖሬአለሁ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ግን አፌ ላይ ይመረኛል። ልጅቷ ዛሬም እዚያው ክፍል፣ እንግዶች ካደሩበት አልጋ የተነሳውን አንሶላ ከእሱ እጅ እየተቀበለች ትሠራለች፤ ወጥታ የት ትግባ? ከደፈራት ሰውዬ ይልቅ የቀፈፈኝ፣ እሱን ፈገግ የሚያሰኝ መሥሪያ ቤት በየቀኑ በራሴ መስታወት ውስጥ እያየሁ ሰው ማስዋቤ ነው።

እንግዲህ ሴቶች ለምን አይመጡም ብለው ለጠየቁት መልሴ አጭር ነው፦ ይመጣሉ፤ እናንተ በጩኸት ትመልሷቸዋላችሁ። በእኔ ወንበር ላይ ተቀምጠው በመስታወት ውስጥ ዓይኔን እየሸሹ የሚያወሩኝን ብቆጥርልዎ ሰሌዳዎ አይበቃም። የሚዘጋ በር ያለው አንድ ክፍል፣ የምታዳምጥ አንዲት ሴት መርማሪ፣ ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት፤ ከዚህ ሌላ ልጅቷ የጠየቀቻችሁ ነገር የለም። ፋይሏም ይከፈት። ሰኞ ጠዋት እንመጣለን።

ምስጢራችንን ከአዳራሹ ጥግ እስከ ጥግ በእኩልነት ስላከፋፈሉልን፣ የሳቅ ጊዜም ስላላሳጡን ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ለድምፅዎም ለጸሐፊዎም ድምፅ ረጅም ዕድሜ የምለምን፣

ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለችው ጸጉር ሠሪ
የባለጉዳይዋ አክስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ለልጅቷ ሳነብላት እስከ መጨረሻው አላቋረጠችኝም፤ እኔን የሚያውቅ ይህ ትንሽ ነገር እንዳልሆነ ይረዳል። ከዚያ «አክስቴ፣ ሰኞ አንቺ ዝም በይ፤ እኔ ነኝ የምናገረው። ጉዳዬን ሳይሆን ስሜን ይጥሩት፣ እነሳለሁ። ስሜ ምን አደረገ?» አለች። እውነትም የእሷ ስም ምንም አላደረገም። ያደረገው የሰውዬው ስም ባስገባነው ማመልከቻ ላይ በሁለተኛው መስመር በግልጽ ተጽፎላችኋል፤ ያ የሚያምር ድምፅ ግን እስከ ዛሬ አንድ ጊዜ እንኳ ሲጠራው አልሰማንም።