ሰው ሲሞት ማን ይመጣል

ሐሙስ

ስማቸውን እኮ ደብቄያለሁ! ዕድሜያቸውን ቀይሬያለሁ፣ ስለ ልጆቻቸው አንዲት ቃል አልጻፍኩም። «ቄራ አካባቢ የሚኖሩ ሴት የእድር ጥሩምባ ነፊ» ነው ያልኩት። በቃ። ይቺን ስጽፍ ጭንቅላቴ የት ነበር? ጥሩምባ የሚነፋው ወንድ ነው። በዚያ ሰፈር የምትነፋ ሴት ብትኖር እትዬ ዘነበች ብቻ ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ ጥሩምባውን ተረክበው፣ ይኸው እስከ ዛሬ ጎህ ሲቀድ መንደሩን እየዞሩ ማን እንደሞተ ይለፍፋሉ። ስማቸውን ከመጻፍ በምን ተሻለ?

ጥናታችን ስለ እድር ነው። ለድሃ የሚሰጥ ድጎማ በእድር በኩል ቢሄድ ያዋጣል ወይ የሚል፣ ሰውን የማያስቀይም ርዕስ ነበር። እኔ ግን አንድ የምኮራባት ጥያቄ ጨመርኩበት፦ ሰው ሲሞት ማን ይመጣል? እትዬ ዘነበች የመለሱልኝን እንዳለ አስገባሁት። «ድሮ ጥሩምባ ስነፋ ማን ሞተ ይሉኝ ነበር። አሁን የማን ወገን ነው ይሉኛል። መልሴን ሰምቶ ተመልሶ የሚተኛ አለ።»

ዛሬ ጠዋት አንዱ ይህችን ብቻ ቆርጦ ፌስቡክ ላይ ለጠፋት። ምሳ ሳይደርስ ሁለት ጎራ ተፈጠረ። አንዱ ሕዝባችንን ሰደበች ይላል። ሌላው ደግሞ አላልናችሁም፣ እነሱ እንዲህ ናቸው ይላል። ጥናቱን ያነበበ አንድም የለም። ከሰዓት በኋላ ፎቷቸውን አገኙት፣ ጥሩምባውን እንደያዙ። ከሥሩ የተጻፈውን እዚህ አልገለብጠውም።

ዓርብ

ዶክተር ሰለሞን አስጠራኝ። አለቃዬ ነው፤ ሊቆጣኝ ነው ብዬ ገባሁ። ሰውዬው ደስ ብሎታል! እንዲህ የተነበበ ጥናት ኖሮን አያውቅም አለኝ። ያቺን ገጽ እናውርዳት ብዬ ለመንኩት። ብናወርዳት ሁለቱም ጎራ ደበቁት ይላል አለ። የሚያናድደው፣ ልክ ነው። «ጥናት ድሮ መደርደሪያ ላይ ነበር የሚሞተው» ብሎ ሳቀ። አሁን ሰው ይዞ ነው የሚሞተው ልለው ነበር፣ ዋጥኩት። ኪራይ አለብኛ።

ሰኞ እዚሁ ካዛንቺስ ሆቴል ውስጥ ወርክሾፕ አለ። ርዕሱ «የማኅበራዊ ፖሊሲ ጥናት የወደፊት ዕጣ በተከፋፈለ ዓለም»። አቅራቢዋ እኔ ነኝ።

ሄኖክ ከጎኔ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ነው፤ በየቀኑ አብረን ማኪያቶ እንጠጣለን። ዛሬ ኮምፒውተሩን እያየ፣ ለመሆኑ ቤተሰቦችሽ ከየት ናቸው አለኝ። ዝም ብሎ ለማወቅ ያህል ነው አለ። ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ቅዳሜ

ብርቱካን ይዤ ቄራ ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ «ይቅርታ»ን ስለማመድ ረዳቱ ወራጅ ነሽ ወይ አለኝ።

እትዬ ዘነበች ደጃፋቸው ላይ ልብስ እያሰጡ ነበር። ግቢ አሉኝ። እናታቸው ጥጉ ላይ ተኝተዋል፤ አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል። ማን ናት ሲሉ፣ ያቺ ጠያቂዋ ናት እማዬ አሏቸው። የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋብኝ። የጥናት ሥነ ምግባር ስም ደብቁ ስለሚል ነው ብዬ ቀባጠርኩ። ራሴን ሰምቼ ራሴን ጠላሁት።

እሳቸው አልጮኹም። «ልጄ፣ ስሜን ደብቀሽ ነው ያጋለጥሽኝ። ዘነበች ብትዪ ኖሮ፣ ዘነበችን የሚያውቅ ሰው ይመልስላቸው ነበር። አንዲት ሴት ብለሽ ሰጠሻቸው። አንዲት ሴት ደግሞ ማን አላት?»

ነገ የእድሩ ስብሰባ ነው። ጥሩምባውን ሊቀሟቸው እንደሆነ ያውቃሉ። ያንን ከወሰዱብኝ የሰፈሩ ሰው መሆኔ ቀረ አሉ። ብርቱካኑን ለእናታቸው ላጡና በእጃቸው አጎረሷቸው። ለኔም አንዱን ሰጡኝ።

እሁድ

ሄድኩ። ሰብሳቢው አቶ ወርቁ ማር የሆነ አንደበት አላቸው። እናታችን እትዬ ዘነበች ደክመዋል፣ ነገሩ እስኪበርድ ይረፉ አሉ። ከኋላ አንዱ አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል አለ፤ ተሳቀ። ሁለቱ ጎራዎች ግራና ቀኝ ተለይተው ነው የተቀመጡት፣ ሰላምታ እንኳን የላቸውም። እጅ አውጡ ሲባል ግን ሁለቱም አወጡ። የተስማሙበት ነገር ቢኖር ይሄ ነው፤ እትዬ ዘነበችን ማባረር።

እኔም እጄን አነሳሁ። አቶ ወርቁ፣ አባል ነሽ እንዴ ልጄ አሉኝ። አይደለሁም። ቁጭ አልኩ።

እትዬ ዘነበች ጥሩምባውን በነጠላ ጠቅልለው ነበር ያመጡት። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን ፈትተው ለብሰው ወጡ። ማንንም አላዩም።

ሰኞ

አቀረብኩ። ጥሩ ያቀረብኩ መሰለኝ፣ ተጨበጨበ። እምነት የሚለውን ቃል ስንቴ እንዳልኩት እንጃ። ከዚህ ወገን አንዱ ተነስቶ መረጃ ሰብሳቢዎችሽ ከነማን ናቸው አለ፤ ከዚያኛው ወገን ደግሞ ያንኑ ጥያቄ በሌላ ቃል ጠየቁ። የኔን ስም ከወረቀቱ ላይ አንብበው የአባቴን ስም ሲመረምሩ በዓይኔ አየሁ። የወደፊቱ ዕጣችን እንግዲህ ይሄው ነው። ከዚያ ምሳ ተበላ፣ ዓሣው ጥሩ ነበር አሉ።

አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ሰሃኑን እንደያዘ መጣ። ታሪኳ ልብ ይነካል፣ ሴትዮዋን ቪዲዮ ልንቀርጻት እንፈልጋለን፣ አገናኚን አለኝ። አይሆንም አልኩት። ዶክተር ሰለሞን ገላመጠኝ። አሁንም አይሆንም አልኩ። የሳምንቱ ድሌ ይቺ ናት።

ማክሰኞ

ጎህ ሳይቀድ ስልኬ ጮኸ። «እናቴ አረፈች። የሚነፋልኝ የለም» አሉኝ እትዬ ዘነበች።

ስደርስ መጀመሪያ አቶ ወርቁ ቤት ነው የሄድኩት። ድንኳንና ወንበሩ መብታቸው ነው፣ ይላካል አሉኝ። ጥሩምባው ግን አዲስ ነፊ ሳይመረጥ አይወጣም፣ ውሳኔ ነው። ነፍስ ይማር አሉና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ሐዘንተኛ የራሱን ሰው ሞት አይለፍፍም። ስለዚህ እኔ ማንኳኳት ጀመርኩ። ለጥናቱ ያንኳኳሁት በር ነው፣ ውሾቹ ሳይቀሩ ያውቁኛል። የመጀመሪያዋ ሴትዮ በሩን ገርበብ አድርጋ ማን ሞተ አለችኝ። እንደ ሞኝ ደስ አለኝ። የእትዬ ዘነበች እናት ስላት፣ «እ» ብላ ዘጋችው። ቀጥሎ ያለው ሰውዬ ስለ ሟች ሳይሆን ስለኔ ነው የጠየቀኝ፣ አንቺ የማን ልጅ ነሽ አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍም፤ አንዱ ከአንዱ አይለይም።

ረፋድ ላይ ድንኳኑ ተተከለ፣ ወንበሩ ተደረደረ፣ ሰው የለም። የጥጉ ባለሱቅ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ሁለት የቄራ ሥጋ ሻጮች ሽርጣቸውን ሳያወልቁ መጡ። እቃ የምታጥብ አንዲት ጎረቤት መጣች። ሌላው በመስኮት ነው የሚያየን። አላስችል ሲለኝ ቢሮ ልደውል ብዬ ተነሳሁ። ውሸቴን ነው፣ ልሸሽ ነበር። እትዬ ዘነበች ክንዴን ያዙኝ።

«ሰው ሲሞት ማን ይመጣል ብለሽ ጠይቀሽኝ አልነበር? ቁጭ በዪና እዪ።»

ቁጭ አልኩ። እስኪመሽ የድንኳኑን መግቢያ ሳይ ዋልኩ። እህታቸው ከክፍለ ሀገር እስክትደርስ ቀብሩ ለነገ ተቀጥሯል። አስከሬን የሚሸከመው አራት ወንድ ነው። እስካሁን ሦስት አለን።