አያቴን ሦስት መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ስላራቁልን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ዳሪል ክሬስዌል
የኩሊንጋ ከተማ ከንቲባ፣ የ«ሀገራችንን እናስመልስ» ንቅናቄ የአካባቢው ሊቀ መንበር፣ የአራት ትራክተር መሸጫ መደብሮች ባለቤት፣ እንዲሁም በራስዎ አንደበት ደጋግመው እንደነገሩን ተራ ሰው

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤና፣ የባለቤትዎን ጤና፣ የሁለቱን ውሾችዎን ጤና፣ ከምርጫው ዘመቻ ወዲህ ከራስዎ ላይ ወርዶ የማያውቀውን የዚያን ሰፊ ባርኔጣዎንም ደኅንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ብሮዲ እባላለሁ፤ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ዋናው መንገድ ላይ ካለው ጎሚስታ ቤት እሠራለሁ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ እኔና ትምህርት ቤቱ በስምምነት ስለተለያየን፣ ከዚህ በታች የሚያገኙት ስሕተት ሁሉ የኔ ነው፤ ትክክል የሆነውን እናቴ ናት ያረመችው። ባለፈው ዓመት በመሥሪያ ቤትዎ በር ላይ «የሚሸጥ» የሚል ሰሌዳ የተከልኩት እኔ እንደነበርኩ በዚህ አጋጣሚ እየገለጽኩ፣ ሁለት ሰዎች ዋጋ ሊጠይቁ በመግባታቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህ ደብዳቤ ግን ቀልድ አይደለም። ቢመስልዎትም አይደለም። ጉዳዩ የአያቴ የመርቪን ነው፤ አቤቱታዬን እንደ ተማረ ሰው በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ሀገር ያጠፋል ብለው አስተምረውናል። ሐሳብ ከዚህ ነጻ መሆኑን ያወቅነው ከጉብኝትዎ ሲመለሱ ነው። በረዶ ከሚወርድበት አንድ የአውሮፓ ሀገር ፊት መሸፈንን የሚከለክል ደንብ፣ ከሌላው ስለ አጥር የሚናገር ንግግር፣ ከአሜሪካ ደግሞ ሲናገሩ እጅ እንዴት እንደሚወናጨፍ ይዘውልን መጡ፤ ስለ ስጦታው እናመሰግናለን። በኩሊንጋ ፊቱን የሚሸፍን ሰው ተፈልጎ የተገኘችው ንብ አናቢዋ ወይዘሮ ግዌንዳ ብቻ ናት። ደንብ አስከባሪው ቅዳሜ ገበያ ላይ ቀፎዋን እንደያዘች አገኛትና የፊት መረቡን አውልቂ አላት። «እሺ አወልቃለሁ» አለችው፣ «ንቦቹን ግን አንተ ታነጋግራቸዋለህ።» ሰውዬው እስከ ዛሬ በዚያ በኩል አያልፍም። ከባሕር ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር በምትርቀው ከተማችን መግቢያ ላይ «ስደተኛ የጫኑ ጀልባዎችን እናስቆማለን» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ስላቆሙልንም ምስጋናዬ ይድረስዎ። ወንዛችን ከደረቀ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ቃልዎን ጠብቀዋል፤ አንድም ጀልባ አላለፈም።

እስከዚህ ድረስ እኔም እስቅ ነበር።

ሁለተኛ፦ አያቴ መርቪን ዕድሜውን ሙሉ የበግ ፀጉር ሲሸልት የኖረ ሰው ነው። ከአራት ዓመት በፊት ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ ምላሱን ግን ምንም አልነካውም፤ ነርሶቹ ምነው እሷን በነካልን ያሉበት ቀን ብዙ ነው። ከዚያ ወዲህ ከቤታችን የስድስት ደቂቃ እግር መንገድ ከሚርቀው የአረጋውያን መጦሪያ ገባ። ጉሮሮው ቀጭን ነገር አይቀበልም። የሚጠጣው ሁሉ ማወፈሪያ ዱቄት ገብቶበት እንደ አጥሚት ካልሆነ በቀር ወደ ሳንባው ይወርዳል። ይህን አሳምራ የምታውቀው ከፊጂ የመጣችው ሴሬያና ነበረች። ሻዩን ታወፍራለች፣ አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ ታደርግለታለች፣ እያንዳንዷን ጉንጭ ውጦ እስኪጨርስ ትጠብቃለች፤ እሱ ደግሞ ይሰድባታል።

«ይኸ ሻይ ነው ሊጥ?»

«ሊጥ ነው አባባ፤ ነገ ዳቦ ሆነው ይነሣሉ።»

በምርጫው ዕለት በዊልቸር እየገፋች ወደ ምርጫ ጣቢያው የወሰደችውም እሷ ናት። ባርኔጣውን አቃናችለት፤ እንደ ልማዳችን በር ላይ ከሚጠበሰው ቋሊማ ገዝታ፣ በዳቦ ተጠቅልሎ ሊበላው ስለማይችል በሹካ አድቅቃ አጎረሰችው። ተራ ሲጠብቁ ማንን እንደሚመርጥ ነገራት፤ አያቴ ሹክ ማለት ስለማይችልበት ሰልፉ በሙሉ ሰማ።

«ክሬስዌልን ነው። እነዚህን ከየትም የመጡትን ጠራርጎ ያስወጣልናል።»

«እኔንም አባባ?»

«አንቺን ምን ቆርጦት! ሌሎቹን ማለቱ ነው እንጂ።»

«እሺ፤ ማታ ቤት ስገባ ለሌሎቹ እነግራቸዋለሁ።»

ሌሎቹ አራት ናቸው። አብረዋት የሚሠሩና በድሮው ሞቴል አብረዋት የሚኖሩ ሴቶች ናቸው።

ክቡርነትዎ ግን አያቴ ካሰበው በላይ የቃል ሰው ሆነው ተገኙ። ሥልጣን በያዙ በስድስተኛው ሳምንት፣ ሞቴሉ ለመንገደኛ እንጂ ለነዋሪ ያልተፈቀደ ነውና በውስጡ የሚኖሩት በአሥራ አራት ቀን ለቅቀው ይውጡ የሚል ትእዛዝ ፈረሙ። በከተማው የሚከራይ ቤት የለም፤ ይህንን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ሴቶቹ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለ ከተማ ሥራ ለማግኘት የፈጀባቸው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ «የኩሊንጋ ሥራ ለኩሊንጋ ልጅ» እንዳሉት ለመጦሪያው ሥራ ማስታወቂያ ወጣ። አንድ የኩሊንጋ ልጅ አመለከተ። እኔ ነኝ። በሙከራው ቀን ጓንት አጥልቄ የአንድ ሽማግሌ ሱሪ ስፈታ ራሴን ስቼ ወደቅሁ፤ ሽማግሌው ናቸው ደወል ደውለው ሰው የጠሩልኝ። ሌላ አመልካች አልመጣም፤ መጦሪያውም በወሩ መጨረሻ ተዘጋ።

ሦስተኛ፦ ይህችን ቁጥር እናቴ አንብባ «ይህን ካወጣህ ከቤቴ ትወጣለህ» ስላለችኝ ሰርዣታለሁ። ክቡርነትዎ እንደመሰለዎት ይሙሏት።

አራተኛ፦ በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ሦስት ደቂቃ እንድናገር ስለፈቀዱልኝ ውለታዎ አለብኝ። መናገር አልተማርኩምና አንዱን ደቂቃ ማይኩን በማስተካከል ጨረስኩት። በቀረው ጊዜ አያቴ ወደማያውቀው ቦታ ከሄደ ሻዩን ማን ያወፍርለታል ብዬ ጠየቅሁ። እርስዎም ከመድረኩ ወርደው እጅዎን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው፣ «አይዞህ የኔ ልጅ፣ ሐዘንህ ሐዘኔ ነው። ይህን ያደረጉብን እነዚያ ላይ ያሉት ናቸው» አሉኝ። አዳራሹ አጨበጨበ። እውነቱን ልንገርዎትና እኔም አጨበጨብኩ። ቤቴ ስደርስ ግን ትእዛዙን አውጥቼ ሳየው ፊርማው የእርስዎ ነው። ላይ ያሉት እነማን እንደሆኑ ለማወቅ በረንዳ ላይ ወጥቼ ወደ መሥሪያ ቤትዎ አቅጣጫ ተመለከትኩ። በዚህ ከተማ ከእርስዎ በላይ ያለው ማማ ላይ የቆመው የውኃ ታንከር ብቻ ነው።

አምስተኛ፦ ይህኛው አቤቱታ የሚቀርበው በእኔው ላይ ነው፤ ስለዚህ ዘና ብለው ያንብቡት።

እንደሚያውቁት እዚህ ሀገር ድምፅ የማይሰጥ ሰው ይቀጣልና ሁላችንም እንሄዳለን፤ አስበህ ስጥ የሚል ሕግ ግን የለም። ለእጩዎቹ እንደየምርጫችን የደረጃ ቁጥር መስጠት ሲገባን፣ ስም ሳያነቡ ከላይ ወደ ታች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ቁጥር ሞልቶ መውጣት የአህያ ድምፅ ይባላል። በዚያን ቀን የጎሚስታ ቤቱን አራት ልጆች ሰብስቤ ጨዋታ አወጣሁ፦ ከእጩዎቹ የአንዱን እንኳ ስም ያነበበ ቢራ ይጋብዛል። አይናችንን ጨፍነን ለመሙላት ስንሞክር አስመራጯ ሴትዮ «እናንተ ልጆች፣ ምን ሆናችኋል?» ብላ ተቆጣችን። «ዴሞክራሲ ይዞን ነው እትዬ» አልኳት። እንዴት እንደተሳቀ! በወረቀቱ አናት ላይ የነበረው ስም የእርስዎ ነበር፤ ዕጣ ነው እዚያ ያወጣዎት።

ያሸነፉት በአራት ድምፅ ነው። እኛ አምስት ነን።

ሒሳብ ላይ ደካማ ብሆንም ይህችን ደጋግሜ ሠርቻታለሁ፤ መልሷ አይለወጥም። በድል ንግግርዎ ላይ እጅዎን እያወናጨፉ «ሕዝቡ ተናገረ!» ሲሉ አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። የተናገርነው እኛ ነን፤ ያውም እየሳቅን። ከልጆቹ ለአንዱ ባለፈው ሳምንት ይህን ብነግረው፣ «ተው ባክህ ብሮዲ፣ ያኔ ማን አወቀ» ብሎ ጎማውን መንፋቱን ቀጠለ። ልክ ነው፤ ማን አወቀ። አያቴም የመረጠው አንብቦ፣ አምኖና መርምሮ ነው፤ እኔ ደግሞ ሳላነብ ነው፤ ወረቀቶቻችን ግን ከአንድ ሳጥን ገብተው አንድ ዓይነት ሆነው ተቆጠሩ።

አያቴ የተወሰደው ማክሰኞ ጠዋት ነው። መኪናው ውስጥ ሲያስገቡት እጄን ያዘኝ።

«የት ነው የሚወስዱኝ?»

«ወደ ትልቁ ከተማ ነው አያቴ። እዚህ ያለው ተዘግቷል።»

«ማን አዘዘ?»

ልዋሽ አሰብኩ፤ በውሸት የታወቅሁ ነኝ፤ በዚያች ሰዓት ግን አንድም ውሸት አልመጣልኝም። «ከንቲባው» አልኩት።

በደኅናው እጁ ወደ ራሱ ሳበኝ። «አይ፣ እሱ አልሰማም። ቢሰማ ኖሮ አይፈቅድም ነበር። አንተ ጻፍለት፤ ጨዋ ሆነህ ጻፍለት።»

ይኸው ጻፍኩልዎ፤ ጨዋ ለመሆንም የቻልኩትን ያህል ጥሬአለሁ።

በሄደ በአምስተኛው ቀን አንድ ተተኪ ሠራተኛ ሻይ ሰጠው፤ እንዳለ፣ ቀጭኑን። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ያን ቀን ሃያ ስድስት ሽማግሌ ነበረበትና ማን ምን እንደሚጠጣ አልነገሩትም። አያቴ አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኛ። ተርፏል። አሁን ግን ሰው መስደብ ትቷል። «እባክዎ» ይላል፤ «አመሰግናለሁ» ይላል። እዚያ ያሉት ምን የመሰለ ጨዋ አዛውንት ነው ይሉኛል፤ እኔ ከዚህ የከፋ ምልክት አይቼ አላውቅም።

እናም ክቡር ሆይ፣ ምን እንዲያደርጉልኝ ልጠይቅዎ ብዬ ሳስብ ሰነበትኩና ምንም አጣሁ። ትእዛዙን ይሻሩ ብል፣ ሴሬያና ቤትም ሥራም አግኝታለች፤ ደውዬላት ነበር፤ «ሻዩን በማንኪያ ነው የሚሰጡት?» ብላ ጠይቃኝ አለቀሰች እንጂ እመለሳለሁ አላለችም፤ እኔም ብሆን አልመለስም። መጦሪያውን ይክፈቱ ብል ማን ይሠራበታል? ስለዚህ የምጠይቀው የለኝም። እሑድ እሑድ ሦስት ሰዓት ተኩል ነድቼ እሄድና ሻዩን ራሴ አወፍርለታለሁ፤ አሁን ራሴን አልስትም። ሰኞ ማን እንደሚያወፍርለት አላውቅም።

ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ ቀኝ እጅዎ እንዳይከዳዎት፣ ጉሮሮዎ ውኃን እንደ ውኃ ተቀብሎ እንዲኖር፣ ሲደክምዎም አልጋዎ ከልጆችዎ ደጅ እንዳይርቅ ከልቤ እየተመኘሁ፣ በፊትዎ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ከመረጡዎት ከነዚያ አምስት ሰዎች አንዱ፣
ትሑት አገልጋይዎ
ብሮዲ ሃክስቢ፣ ጎሚስታ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አያቴ ከቤት ይዞት ከሄደው ጥቂት ዕቃ መካከል የምርጫ ፖስተርዎ ይገኝበታል፤ ስቀልልኝ ብሎኝ ከአልጋው ትይዩ ሰቅዬለታለሁ። አያቴን ጠዋት ጠዋት ከአልጋው የምታነሣው ሳቢትሪ የምትባል ከኔፓል የመጣች ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን ወደ ፖስተሩ እያየች «ልጅዎ ናቸው?» ብላ ጠየቀችው። «አይ» አላት፤ «የኛ ሰው ነው።» ከዚያ ወዲህ በየማለዳው የአያቴን ፊት አጥባ ስትጨርስ፣ ፎጣውን ጨመቅ አድርጋ የእርስዎንም ፊት ከአቧራ ታብሳለች። ማንም አላዘዛትም።