የገዛ ስህተታቸውን እስከ መጨረሻ ያሳደዱት የጋሽ ባትሪው የሕይወት ታሪክ

ወዳጅ ዘመድ «ጋሽ ባትሪው» እያለ የሚጠራቸው የሙዚቃ መምህር ከአናጢው አባታቸውና በሆስፒታል ልብስ እጥበት ክፍል ይሠሩ ከነበሩት እናታቸው በ1941 ዓ.ም. ከእንጨት መጋዘን ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ቀናቸው ሳይደርስ ስለመጡ አዋላጇ «ይሄ አይበረክትም» ብላ ነበር። ሰባ አምስት ዓመት በረከቱ። አዋላጇ ቀድማ ሄደች።

እናታቸው ከአንሶላ ክምር ቀና የሚሉበት ጊዜ ስላልነበራቸው፣ አዝላ ያሳደገቻቸው በዘጠኝ ዓመት የምትበልጣቸው እህታቸው ናት። እሷም በአሥራ ሁለት ዓመቷ እዚያው እጥበት ክፍል ገባች። ፊደል የመቁጠሩ ነገር ለእሳቸው ተተወ፤ እሳቸውም ለሁለት ቆጠሩ።

ከ1948 እስከ 1960 ዓ.ም. የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ተከታተሉ። ከዚያም ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብተው ፒያኖ ተማሩ፤ ቀጥሎም ባገኙት የትምህርት ዕድል በሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው በ1970 ዓ.ም. ማስተማር ጀመሩ። ንድፈ ሐሳብ ማለት፣ ለማያውቅ ሰው፣ ዘፈኑን መስማት ትቶ እንዴት እንደተሠራ መጠየቅ ነው። እህታቸው «ሰው በልቶ ይጠግባል እንጂ ድስቱን ይመረምራል?» ብትላቸው፣ «እትዬ፣ ድስቱ ሲያፈስ ማንን ልትጠሪ ነው?» ብለው አሳቋት።

በ1974 ዓ.ም. «መጽሐፍ አልመለሱም» ብለው ሦስት ጊዜ ያስጠሯቸውን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አገቡ። ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ። መጽሐፉም እስከ ዛሬ ቤታቸው አለ።

በ1977 ዓ.ም. በባትሪ የሚሠራውን መቅረጸ ድምፃቸውን ይዘው ወደ እጥበት ክፍሉ መጡ። እዚያ ሴቶቹ አንሶላ ሲያጥፉ የሚዘፍኑት ዘፈን አለ፤ አርባ ስንኝ ነው። አንዷ በዚህ ጫፍ፣ አንዷ በዚያ ጫፍ ትይዝና በየስንኙ አንድ እጥፋት ታጥፋለች። እህታቸው ዘፈነች፣ እሳቸው ቀዱ፤ ቤታቸው ገብተው ድምፁን በመሣሪያ ለኩ። በዓመቱ በታላቁ የሙዚቃ ምሁራን ጉባኤ ላይ፣ «ሠራተኞቹ ሥራው ሲከብዳቸው ድምፃቸው በየስንኙ በትንሽ በትንሹ እየቀጠነ ከፍ ይላል» የሚል ጥናት አቀረቡ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ጥናቱ ታተመ፤ እሳቸውም ተባባሪ ፕሮፌሰር ተባሉ።

እህታቸው ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። «እኔ የጀመርኩበትን አልለቅም! ወዴት ነው የምወጣው? መሰላል አለኝ?» አለቻቸው። «እትዬ፣ መሣሪያ አይዋሽም» አሉ። «እንግዲያ ዋሾዋ እኔ ነኛ!» ብላ ሁለት ዓመት ደጃቸውን አልረገጠችም።

በ1980 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጃቸው ቁጥር ስትቆጥር ይቀዷታል። መሐል ላይ መቅረጸ ድምፁ ደከመ። አዲስ ባትሪ ከተው ሲያጫውቱት ልጅቷ ድምፅዋ እየቀጠነ ሄዶ መጨረሻ ላይ ጫጩት ሆነች። ያን ጊዜ ገባቸው። ባትሪ ሲያልቅ የካሴቱ ክር እየተንቀረፈፈ ይቀዳል፤ በሙሉ ኃይል ሲጫወት ድምፁ ከፍ እያለ ይሄዳል። እህታቸው አልወጣችም ነበር፤ የወረደው ባትሪው ነው። ጫማቸውን እንኳ በቅጡ ሳያስሩ ቤቷ ሮጠው «እትዬ፣ ልክ ነበርሽ» አሏት። «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔማ አውቃለሁ። ለእነዚያ ላጨበጨቡት ንገራቸው» አለቻቸው።

ነገሯቸው። በ1981 ዓ.ም. እዚያው ጉባኤ ላይ ቆመው ስህተታቸውን በገዛ አንደበታቸው ተናገሩ። ማንም አላጨበጨበም። ከኋላ አንዱ ሳቀና «ባትሪው!» አለ። ስሙን አልጠሉትም፤ የቢሮአቸው በር ላይ ጽፈው ለጠፉት። በዚያ ጥናት ያገኙትን ማዕረግም ልመልስ ብለው ጠየቁ፤ «የመስጫ እንጂ የመመለሻ ቅጽ የለንም» ተባሉ።

እርማታቸውን ግን የሚያትም ጠፋ። «አዲስ ግኝት የለውም» አሉ። የተሳሳተው ጥናት ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተገለበጠ ሄደ፤ ተማሪ ተፈተነበት። ጋሽ ባትሪው እጃቸውን አልሰጡም። በየዓመቱ አንድ ቀን እህታቸው ቤት ይመጡና መሣሪያቸውን ግድግዳው ላይ ካለው ኤሌክትሪክ ይሰካሉ። ሲመታ አንድ ድምፅ ብቻ የሚሰጠውን መቃኛ ብረት ጉልበታቸው ላይ መትተው መነሻውን ይሰጧታል፤ አርባኛው ስንኝ ላይ ደግመው ይመቱታል። በስልሳ ዓመቷም፣ በሰባ ዓመቷም፣ በሰማንያ ዓመቷም እሷና ብረቱ እኩል ተገኙ። ውጤቱን ይዘው ጉባኤ ይሄዳሉ፤ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሁሉ ሲያንጎላጅ፣ አሥር ደቂቃ ይሰጧቸዋል። በዓመቱ ተመልሰው ይሄዳሉ። ጡረታ ከወጡ በኋላም በራሳቸው ወጪ ሄደዋል።

በ2014 ዓ.ም. ሳንባቸው ታመመ። ባለፈው ጥር የመጨረሻውን ቅጂ ሆስፒታል አልጋቸው ላይ ሆነው ቀዱ፤ ብረቱን መምታት ሲያቅታቸው እህታቸው መታችላቸው። በሳምንቱ የጉባኤው ደብዳቤ መጣ፦ እርማቱ በሚያዝያ፣ በመክፈቻው ጠዋት ይነበባል፤ ይታተማልም። ሁለት ጊዜ አስነበቡት። «እትዬ፣ ነገርኳቸው» አሉ። የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. አረፉ።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውና ይህን ያስጻፈችው እህታቸው አሉ። በሚያዝያ ጽሑፉን የቀድሞ ተማሪያቸው ታነባለች። የተቀዳ ድምፅ አይኖርም። ቆማ የምትዘፍነው እህታቸው ናት፣ አርባውንም ስንኝ፤ ብረቱ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። የሳቀውም ሰው በሕይወት ካለ መጥቶ ይስማ።

የጀመሩበትን ያልለቀቁትን ወንድማችንን ፈጣሪ በሰላም ያሳርፍልን። እኛም አንለቅም።