በሚኒባሴ ጣሪያ ላይ ለምጭናት ታንኳ የባለሙያ ምክር ስለመጠየቅ

ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወረዳችን የጎርፍ መውረጃ ቦዮች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና ቤተሰብዎ እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። ቢሮዎ አራተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን ለአቤቱታ ስመላለስ በጉልበቴ ስላረጋገጥኩ፣ ስለ እርስዎ ደህንነት በበኩሌ ሐሳብ የለብኝም።

እኔ ተስፋጽዮን ወልደጻድቅ እባላለሁ። ከቦሌ ለሚ ወረድ ብሎ ባለው መንደር፣ የቦይዎ ቁፋሮ የቆመበት የመብራት ምሰሶ ፊት ለፊት ያለው ግቢ የእኔ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ካርጎ ዕቃ የማመላልስባት አሮጌ ሚኒባስ አለችኝ፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ማታ ማታ ከመንደሩ በላይ ያለው ዳገት ላይ አቁመን፣ ፍራሽ ዘርግተን፣ ባለቤቴ ምንትዋብ፣ እናቴ ወይዘሮ ውባንቺና እኔ እናድርባታለን። ፈረንጆች ለመዝናናት ብለው የሚያደርጉትን እኛ በጽሕፈት ቤትዎ ድጋፍ ለማድረግ በቅተናል።

ቀን ቀን ግን መኪናዋ ሥራ ላይ ስለሆነች እናቴ እቤት፣ አልጋዋ ላይ ትውላለች። ግማሽ አካሏ ከታመመ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ሰው ካላነሳት አትነሳም።

ባለፈው ወር በየበራችን ያስለጠፉት ማኅተም ያረፈበት ማስታወቂያ፣ ነዋሪው ለመጪው ክረምት የራሱን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያሳስባል። ታዛዥ ሰው ነኝና ጥንቃቄዬን ጀምሬአለሁ፤ ታንኳ ስመርጥ ከርሜአለሁ። ጎርፍ ሲወርድ ሚኒባሷ ከዳገቱ ዝቅ ማለት ስለማትችል፣ ከዚያ እስከ እናቴ አልጋ ያለውን ሁለት መቶ ሜትር የምቀዝፍባት፣ የትም ብሄድ ከጣሪያዬ የማትለይ፣ ትንሽና ቀላል ታንኳ ማለቴ ነው። በቢሮዎ ስለ ታንኳ አመራረጥ የወጣ መመሪያ እንዳለ ብጠይቅ ስላላገኘሁ፣ የደረስኩበትን ከነቅሬታዬ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ክብደትን በተመለከተ። ምንትዋብ ጎርፉ በሚመጣበት ሰዓት ሥራ ላይ ስለምትሆን ታንኳዋን ብቻዬን አንስቼ ማውረድ አለብኝ። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ያየኋት የፋይበር ጀልባ ለአራት ሰው የምትከብድ ሆና ተውኳት። ከባሕር ዳር የመጣች የደንገል ታንኳ ደግሞ በአንድ እጅ የምትነሳ ነበረች፤ ነገር ግን ባለቤቷ ሐቀኛ ሰው ስለነበር፣ ከተጠቀምክባት በኋላ ፀሐይ ላይ አቁመህ ካላደረቅካት ትበሰብሳለች አለኝ። በሐምሌ ፀሐይ የሚታይበትን ቦታ ቢሮዎ የሚያውቅ ከሆነ ቢጠቁመኝ። በአየር የምትነፋዋን ጎማ ያልገዛሁት የእርስዎ ጎርፍ ከላይ ካሉት ሕንፃዎች ፌሮና የጠርሙስ ስባሪ ይዞ ስለሚመጣ ነው።

በመጨረሻ ጎረቤቴ ሃይደር፣ በያጅ ነው፣ ያረጀ የውሃ ሮቶ በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቆ፣ ጠርዙን በእንጨት አስሮ ሃያ ሁለት ኪሎ የምትመዝን ታንኳ ሠራልኝ። ጣሪያዬ ላይ ጭኜ ስሄድ ያስቆመኝ ትራፊክ ወዴት እንደምወስዳት ጠየቀኝ። ወደ ቤቴ አልኩት። ሰፈሬን ስነግረው ሳይቀጣኝ አሳለፈኝ፤ እንዲህ ያለ ዝና ስላተረፉልን አመሰግናለሁ።

፪ኛ/ ቦዩን በተመለከተ። አንዱ ተቋራጭ ከላይ፣ ሌላው ከታች እየቆፈሩ መጥተው ከግቢዬ ፊት ለፊት ካለው ምሰሶ ሲደርሱ ሁለቱም ቆሙ። የምሰሶው ባለቤት መሥሪያ ቤት የእርስዎን ደብዳቤ እየጠበቀ ነው፤ እርስዎ ደግሞ የእነሱን ደብዳቤ እየጠበቁ ነው፤ ይኸው ሦስተኛ ክረምት። በፊት ጎርፉ ተበታትኖ፣ ለየቤቱ ተከፋፍሎ ነበር የሚመጣው። አሁን በኮንክሪት ቦይ ተሰብስቦ፣ መንገዱን ሳይስት በቀጥታ እኔ ግቢ ይገባል። ባለሙያዎ ወይዘሪት ቤቴል በየዓመቱ መጥታ ምሰሶውን ፎቶ ታነሳለች። ዘንድሮ ወረቀቷን ቦርሳዋ ውስጥ ከከተተች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ እኔም ፈርቻለሁ» አለችኝ። ከቢሮዎ እስከ ዛሬ ያገኘሁት ቁም ነገር ይኼው ብቻ ነውና የደመወዝ እድገት ይገባታል።

፫ኛ/ ርዝመትን በተመለከተ። አምና ሐምሌ ላይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዝናቡ ሲወርድ እኔ ካርጎ ነበርኩ። ዳገቱ ላይ መኪናዬን ጥዬ፣ አጥር አጥሩን ይዤ፣ ደረቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቼ ስደርስ፣ ፍራሹ ከነእናቴ ከአልጋው ተነስቶ ግድግዳው ጥግ ደርሶ ነበር። በደህና እጇ የመስኮቱን ብረት ይዛለች። ውሃው ጆሮዋ ጋ ነበር። «ቆየህ» አለችኝ። ከሃይደር ጋር የጓዳውን በር ነቅለን በእሱ ላይ አስተኝተን አወጣናት።

እናቴ መቀመጥ ስለማትችል ታንኳዋ ተጋድማ የምትበቃት መሆን አለባት። ስለዚህ ሜትር ይዤ አልጋዋ አጠገብ ቀረብኩ። ለሬሳ ሳጥን መሰላት። ምንም ሳትጠይቀኝ ደህናውን እግሯን ዘረጋችልኝና «ትከሻዬንም ለካው» አለችኝ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፍኩና፣ ለታንኳ መሆኑን ሳልነግራት ወጣሁ።

፬ኛ/ ምሰሶውን በተመለከተ። በዚህ ወር በጣለው ዝናብ ታንኳዋን ሞከርናት። እናቴን የሚያህል አሸዋ በጆንያ ሞልተን አስተኛንባት። ውሃው ምሰሶው ጋ ሲደርስ ይሽከረከራል። ሦስት ጊዜ ሞከርን፤ ሁለቱን ጊዜ ጆንያው ውሃ ውስጥ ወደቀ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ለአንድ መስመር ያህል ጨዋነቴን ልተውና፣ ፈርቻለሁ፤ እንደዚህ ፈርቼ አላውቅም። ምሰሶው የማይነሳ ከሆነ፣ በቀኙ ልለፍ ወይስ በግራው? ቦዩን የነደፉት መሐንዲሶችዎ ውሃው ወዴት እንደሚጎትት ያውቁ ይሆናልና፣ ሰኔ ሳይጋመስ ቢነግሩኝ ውለታዎን አልረሳም።

ደረቅ ወለልና ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁልዎ፣ ከፎቅዎ ዝቅ ከሚሉበት አደጋ ሁሉ እንዲጠበቁ እየጸለይኩ፣

በማስታወቂያዎ መሠረት የራሱን ጥንቃቄ በማድረግ ላይ የሚገኘው
ተስፋጽዮን ወልደጻድቅ

ግልባጭ፦
ለምሰሶው፣
ባለበት

ሳልጠቅሰው ያለፍኩት፦ ልኬቱ ለታንኳ እንደነበር ለእናቴ በማግስቱ ነገርኳት። እሷም «ለአንዱ ካልሆነ ለሌላው ይሆናል፤ ወረቀቱን አትጣለው» አለችኝ። አልጣልኩትም። የእርስዎ መልስ እስኪደርስ በደረት ኪሴ ይዤው እዞራለሁ፤ አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት፣ ትከሻዋ አርባ አንድ።